የአንገት ደም ቧንቧ ሲጠብ

ሁለት ጣቶቻችሁን ከመንጋጋችሁ ሥር፣ ከማንቁርታችሁ ጎን ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ በቀስታ አሳርፉ። በአንድ በኩል ብቻ ንኩ፤ ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ አትጫኑ። ትር ትር የሚል ነገር ይሰማችኋል። ይህ ትርታ ከልብ ተነሥቶ ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ነው። ዛሬ የምንማረው ይህ መንገድ በእርጅና ዘመን ሲጠብ ምን እንደሚደርስና ሐኪሞች እንዴት አድርገው እንደሚከፍቱት ነው።

1. ሁለቱ ቦዮች

ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ሰውነት ክፍሎች የሚሄድበት ቧንቧ ደም ቅዳ ይባላል። በአንገታችን ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ደም ቅዳዎች አሉ። ሐኪሞች ካሮቲድ ይሏቸዋል። ስሙ የመጣው ከግሪክ ቋንቋ ሲሆን፣ መፍዘዝ ወይም ከባድ እንቅልፍ ከሚል ቃል የተወሰደ ነው። የጥንት ሰዎች እነዚህ ቧንቧዎች ሲታነቁ ሰው ራሱን እንደሚስት ያውቁ ነበርና ነው።

እያንዳንዱ ካሮቲድ ከመንጋጋ ሥር ሲደርስ እንደ መስኖ ቦይ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቅርንጫፍ ፊትን ያጠጣል። ሁለተኛው አንጎልንና ዓይንን ያጠጣል። ማሳ ውሃ ቢያጣ ጥቂት ቀን ይታገሣል። አንጎል ግን አይታገሥም። ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። የሞተውም ክፍል እንደገና አይበቅልም።

2. ደለሉ የት ይከማቻል?

መስኖ የሚያለማ ገበሬ ደለል የት እንደሚከማች ያውቃል። ቦይ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ውሃው ይሽከረከራል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። አፈሩም እዚያ ይረጋል። ካሮቲድም እንዲሁ ነው። ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ስብ ይለጠፋል። ስቡ ከዓመት ዓመት እየወፈረ ይሄዳል። ቆይቶም እንደ ኖራ ይደርቃል። መንገዱም ይጠባል።

ይህን ደለል የሚያበዙ ነገሮች የታወቁ ናቸው። እነሱም እርጅና፣ የደም ግፊት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ የስኳር በሽታና በደም ውስጥ የሚበዛ ስብ ናቸው። እርጅናን ማስቀረት አንችልም። ሌሎቹን ግን መከላከል ወይም በመድኃኒት መቆጣጠር ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አደጋው ቧንቧው መጥበቡ ብቻ አይደለም። ትልቁ አደጋ ከደለሉ ላይ ቁራጭ መነሣቱ ነው። ቁራጩ ወይም በላዩ ላይ የረጋው ደም ከደም ጋር ተጉዞ ወደ አንጎል ይገባል። እዚያም ቀጭን ቧንቧ ይደፍናል። ይህ ስትሮክ ወይም የአንጎል ምት ይባላል። ሰው በድንገት ግማሽ ጎኑ ሽባ የሚሆንበት፣ አንደበቱ የሚታሰርበት በሽታ ይህ ነው። በየሰፈሩ «መጋኛ መታው» ሲባል የምንሰማው ብዙ ጊዜ ስለዚሁ በሽታ ነው።

3. እንጀራው ከእጅ ሲወድቅ

ትምህርቱ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። መስኖ ሲያለሙ የኖሩ አንድ የ76 ዓመት አባት በአሜሪካ አገር የምትኖር ልጃቸውን ለመጠየቅ ሄዱ እንበል። አንድ ቀን ማታ እራት ላይ ሳሉ የያዙት ጉርሻ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ለማንሣት ቢሞክሩ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ለመናገር ቢሞክሩ ቃሉ ተንተባተበ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ግን እጃቸውም አንደበታቸውም ተመለሰ።

«ድካም ነው፤ ልተኛ» አሉ።

ልጃቸው ግን «አባዬ፣ አይሆንም። አሁኑኑ ሆስፒታል እንሄዳለን» አለቻቸው።

ልጅቱ ልክ ነበረች። እንዲህ መጥቶ የሚሄድ ሕመም የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ትንሽ ቁራጭ መንገዱን ደፍና ሟሟች ማለት ነው። ቀጥሎ የምትመጣው ቁራጭ ግን ላትሟሟ ትችላለች። ትልቁ ስትሮክ የሚመጣበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። አደጋው የሚበረታው ደወሉ ከተሰማ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። «ተሻለኝ» ብሎ መተኛት ስለዚህ ነው የሚጎዳው።

የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ/ ፊት በአንድ በኩል መጣመም፤
ለ/ አንድ እጅ ወይም አንድ እግር በድንገት መስነፍ ወይም መደንዘዝ፤
ሐ/ አንደበት መተሳሰር፣ ወይም ሰው የሚለውን ለመረዳት አለመቻል፤
መ/ በአንድ ዓይን ላይ መጋረጃ እንደ ወረደ ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ማየት አለመቻል።

የግራው አንጎል የቀኙን ጎን ያዛል፤ የቀኙ አንጎልም የግራውን። ስለዚህ የግራው ካሮቲድ ሲታመም የሚሰንፈው የቀኙ እጅ ነው። ዓይን ግን አይለዋወጥም። የግራው ካሮቲድ ሲታመም ብርሃኑ የሚጠፋው የግራው ዓይን ነው።

4. ሐኪሙ ያየው

በሆስፒታሉ የአባትየው አንገት አልትራሳውንድ በሚባል መሣሪያ ታየ። ይህ መሣሪያ በድምፅ ሞገድ የቧንቧውን ውስጥ ያሳያል። ሰውን አይወጋም፤ አያምም። የግራው ካሮቲድ ከመቶ 80 እጅ ጠቦ ተገኘ። ውሃ የሚሄድበት ቦይ ከ5 እጅ 4ቱ በደለል ተሞልቶ፣ አንዱ እጅ ብቻ ቀረ እንደ ማለት ነው።

ሐኪሙ ሦስት ነገር አስረዳ። አንደኛው መድኃኒት ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ ስብን የሚቀንስና የደም ግፊትን የሚያወርድ ኪኒን ለማንኛውም በሽተኛ ይሰጣል። ነገር ግን ምልክት ላሳየና ቧንቧው በጣም ለጠበበ ሰው መድኃኒት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ይህን አሳይቷል። ካሮቲዳቸው ከመቶ 70 እጅና ከዚያ በላይ ጠቦ ምልክት ካሳዩ ሰዎች መካከል መድኃኒት ብቻ የወሰዱት በ2 ዓመት ውስጥ ከ100ው 26ቱ በዚያው ጎን ስትሮክ ደረሰባቸው። በቀዶ ሕክምና ከተጠረገላቸው ግን ከ100ው 9ኙ ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው እንግዲህ ይኸው ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ አንገትን በጎን ሰንጥቆ ቧንቧውን ያገኛል። ደሙን ለጊዜው ያግዳል። አስፈላጊ ሲሆን እንደ ውሃ ማዞሪያ ቦይ ደሙን በትንሽ ቱቦ ያሳልፋል። ከዚያ ቧንቧውን ከፍቶ ደለሉን ልጦ ያወጣና መልሶ ይሰፋዋል። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው።

ሦስተኛው ስቴንት ነው። ስቴንት ከቀጭን የብረት ሽቦ እንደ መረብ የተሠራ ትንሽ ቱቦ ነው። ሐኪሙ በብሽሽት ባለው ደም ቅዳ ቀጭን ሽቦ ያስገባል። ሽቦው በሆድና በደረት አልፎ እስከ አንገት ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ከጠባቡ ቦታ በላይ እንደ ጃንጥላ የምትዘረጋ ትንሽ ማጥለያ ይደረጋል፤ የሚነሣውን ቁራጭ እንድትይዝ ነው። ከዚያ ተጣጥፎ የገባው ስቴንት ይዘረጋል። ደለሉን ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። በፊኛም ይሰፋል። ማጥለያዋ ትወጣለች፤ ስቴንቱ ግን እዚያው ይኖራል። በአሜሪካ አገር መንግሥት የመጀመሪያውን የካሮቲድ ስቴንት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

5. «በእግሬ በኩል ይግባ»

አባትየው ይህን ሲሰሙ ነገሩ ግልጽ መሰላቸው።

«ልጄ፣ አንገቴን ከሚሰነጥቁኝ በእግሬ በኩል ይግባ በይው። ያረጀ ሰው ቁስል አይችልም» አሉ።

ልጃቸው አስተረጎመች። ሐኪሙም «ብዙ ሰው እንዲሁ ያስባል። እኛም ድሮ እንዲሁ አስበን ነበር» ሲል መለሰ።

በእርግጥም ሐሳቡ ትክክል ይመስላል። ቀዶ ሕክምና ለጎበዝ፣ ቀላሉ መንገድ ለሽማግሌ ቢባል ማን ይቃወማል? ሐኪሞችም ስቴንት በተለይ አዛውንቶችን እንደሚረዳ ተስፋ አድርገው ነበር። ይሁን እንጂ ተስፋ ብቻውን አይበቃም። መፈተን አለበት።

ፈተናውም እንዲህ ተደረገ። መሬት በዕጣ እንደሚከፋፈል ሁሉ በሽተኞች ፈቃዳቸውን ከሰጡ በኋላ በዕጣ ተመደቡ። ግማሹ ቀዶ ሕክምና፣ ግማሹ ስቴንት ደረሰው። ዕጣ የሆነበት ምክንያት አለ። ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ጠንካራዎቹን ወደ አንዱ፣ ደካሞቹን ወደ ሌላው ሊወስድ ይችላል። ያን ጊዜ የሕክምናው መልካምነትና የበሽተኛው ጥንካሬ ይደባለቃል። ዕጣ ግን አያዳላም።

በአሜሪካና በካናዳ በተደረገው ትልቅ ጥናት 2,502 ሰዎች ተካፈሉ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ስትሮክ፣ የልብ ሕመምና ሞት አንድ ላይ ሲቆጠሩ ሁለቱ ሕክምናዎች በጥቅሉ ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። ሲነጣጠሉ ግን ልዩነት ታየ። በሕክምናው ሰሞን ስቴንት ከገባላቸው 100 ሰዎች ወደ 4 በሚሆኑት፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 100 ሰዎች ደግሞ ወደ 2 በሚሆኑት ስትሮክ ደረሰ። ድንገተኛ የልብ ሕመም በተቃራኒው ነበር፤ ከስቴንቱ ወገን ከ100ው ወደ 1፣ ከቀዶ ሕክምናው ወገን ወደ 2።

ዕድሜ ሲታይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ተለየ። ሚዛኑ የሚያጋድለው ወደ 70 ዓመት ግድም ነበር። ከዚያ በታች ላሉት ስቴንት መልካም ሆነ። ከዚያ በላይ ላሉት ቀዶ ሕክምናው በለጠ።

በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በሌሎች አገሮች የተደረጉ ሦስት ጥናቶችም በዚያው ዓመት አንድ ላይ ተደምረው ታዩ። ሁሉም በሽተኞች ምልክት ያሳዩ ነበሩ። ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ ከሆነው መካከል ስቴንት ከደረሳቸው 100 ሰዎች 12ቱ በ4 ወር ጊዜ ውስጥ ስትሮክ አገኛቸው ወይም ሞቱ። ቀዶ ሕክምና ከደረሳቸው 100 ሰዎች ግን ወደ 6 የሚሆኑት ናቸው። ይህ እጥፍ ነው። ከ70 ዓመት በታች ባሉት ግን በሁለቱም በኩል ወደ 6 ገደማ ነበር።

6. ምክንያቱ ምንድን ነው?

ምክንያቱ ያለው በአንገት ላይ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ነው። ሽቦው ከብሽሽት ተነሥቶ አንገት እስኪደርስ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ደረት ውስጥ እንደ ዋንጫ እጀታ ይታጠፋል። ካሮቲዶች የሚነሡት ከዚህ መታጠፊያ ነው። በወጣትነት ይህ መታጠፊያ ለስላሳና ሰፊ ነው። በእርጅና ግን ይደርቃል፤ ይጠማዘዛል፤ በውስጡም ደለል ይለጠፍበታል።

ሽቦውና ቱቦው በዚህ ጠመዝማዛ መንገድ ሲታገሉ የተለጠፈውን ደለል ሊያነሡ ይችላሉ። ማጥለያዋ ደግሞ ገና አልተዘረጋችም። ስለዚህ ቁራጩ በቀጥታ ወደ አንጎል ይሄዳል። ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ግን በዚያ አሮጌ መንገድ አያልፍም። በቀጥታ ወደ ታመመው ቦታ ይገባል። ቁስሉ ትልቅ ይመስላል፤ ጉዞው ግን አጭር ነው።

አባትየው ይህን ሲሰሙ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ገባኝ። ደለሉን ከራስጌ ድረስ እየጎተቱ ከመሄድ፣ የተደፈነበት ቦታ ላይ ቆፍሮ መጥረግ ይሻላል ማለትህ ነው» አሉ። ሐኪሙም «እንደዚያ ነው» አለ።

ቀዶ ሕክምናውን መረጡ። የተሠራውም ሳይዘገይ ነው። ምልክት ላሳየ ሰው ቀዶ ሕክምናው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢደረግ ጥቅሙ የላቀ ነውና። ድምፃቸው ለጥቂት ሳምንታት ጎርነን ብሎ ቆየ፤ በአንገት ውስጥ የሚያልፉ ነርቮች በሥራው ጊዜ ሊነኩ ስለሚችሉ ነው። ኋላ ግን ተመለሰ። ኪኒናቸውንም አላቋረጡም።

7. ሁሉም አንድ አይደለም

ውድ አንባቢያን! ከዚህ ተነሥተን «ስቴንት መጥፎ ነው» እንዳንል። ለአዛውንትም ቢሆን ስቴንት የሚሻልበት ጊዜ አለ። ቀደም ሲል አንገቱ የተቀደደ፣ ለካንሰር ሕክምና በአንገቱ ላይ ጨረር የተደረገለት፣ ልቡ ወይም ሳንባው ቀዶ ሕክምናን የማይችል፣ ወይም የጠበበው ቦታ ቢላዋ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ የሆነ ሰው አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ስቴንት መፍትሔ ሊሆነው ይችላል። ስቴንት የገባለት ሰው አስፕሪንና ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒን አንድ ላይ ቢያንስ ለአንድ ወር ይወስዳል።

ከዚህም ሌላ ከአንገት ግርጌ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ስቴንት የማስቀመጥ ዘዴ አለ። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ተፈቅዷል። በዚህ ዘዴ ስቴንቱ ሲገባ ደሙ ለጊዜው ወደ ኋላ እንዲፈስ ይደረጋል፤ ቁራጭ ቢነሣ ወደ አንጎል እንዳይሄድ ነው። የደረቱን ጠማማ መንገድ እንዲሸሽ ታስቦ የተሠራ ዘዴ ነው። ከስሕተት ሲማሩ እንዲህ ነው።

ምንም ምልክት ሳያሳይ ቧንቧው ጠቦ የተገኘ ሰው ጉዳይም ለብቻው ይታያል። ብዙዎቹ በመድኃኒትና በክትትል ለረጅም ጊዜ ይኖራሉ። የትኛው ይሻላል የሚለውን በሽተኛው፣ ቤተሰቡና ሐኪሙ ተመካክረው ይወስናሉ። በዚህ ምክር ላይ መጠየቅ ነውር አይደለም። «ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርተሃል? በእኔ ዕድሜ ያሉት እንዴት ሆኑ?» ብሎ መጠየቅ የበሽተኛው መብት ነው።

8. እኛስ ምን እናድርግ?

ስቴንትም ሆነ ቀዶ ሕክምናው በየቦታው አይገኝም። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ደለሉ እንዳይበዛ መከላከል ግን በእጃችን ነው።

ሀ/ ደም ግፊታችንን በጤና ጣቢያ እናስለካ። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰማም። የሚታወቀው ሲለካ ነው።
ለ/ ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን «ተሻለኝ» ብለን አናቋርጥ።
ሐ/ ሲጋራ አናጭስ። ጨውና ጮማ እንቀንስ።
መ/ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሲታይ፣ ሕመሙ ቢያልፍም እንኳ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና እንሂድ። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ለሐኪሙ እንንገር።
ሠ/ ሳንመረመር አስፕሪን አንዋጥ። አንዳንዱ ስትሮክ ከመደፈን ሳይሆን ከመድማት ይመጣል፤ አስፕሪን ያን ያባብሳል።

ቦይ የሚጠረገው ክረምት ሳይገባ ነው። አበውም «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቀላል መስሎ የታየ መንገድ ሁሉ ቀላል እንዳልሆነ፣ ቶሎ ያለፈ ሕመም ሁሉም እንዳልዳነ ከዚህ ትምህርት እንያዝ።

የአዳዲስ ቃላት ፍቺ

ደም ቅዳ፦ ደምን ከልብ ወደ ሰውነት ክፍሎች የሚወስድ ቧንቧ።
ካሮቲድ፦ በአንገት ግራና ቀኝ ወደ ራስ የሚወጣ ትልቅ ደም ቅዳ።
ስትሮክ፦ የአንጎል ክፍል ደም በማጣቱ ወይም በመድማቱ የሚመጣ ድንገተኛ በሽታ።
ስቴንት፦ የጠበበን ደም ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ መረብ ቱቦ።

ጥያቄዎች

1. በካሮቲድ ውስጥ ደለሉ የሚበዛው በየትኛው ቦታ ነው? ለምን?
2. የግራው ካሮቲድ ሲታመም የሚሰንፈው የትኛው እጅ ነው?
3. በጥናቱ በሽተኞች በዕጣ የተመደቡት ለምንድን ነው?
4. በስቴንት ምክንያት አዛውንቶች ይበልጥ የተጎዱት ለምን ነበር?
5. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ደም ግፊታቸውን ተለክተው የማያውቁ አዛውንት አሉ? ይህን ትምህርት አንብቡላቸውና ተወያዩበት።